«ቆርቆሮው ነው የሚያፈሰው» ከማለት በፊት፦ ስለ ሻወር ቤት ፋን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ከታየ ጥፋተኛው ሳይጠየቅ ይታወቃል፦ ቆርቆሮው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ከተማ ስለሆነ ማንም አይፈርድብንም። እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። አናጢ ጠራሁ፤ ሚስማሩን አንድ በአንድ በሲሊኮን ደፈነ፤ ከፈልኩ። ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናብ ጠብ ሳይል ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ኮርኒሱ እንደገና ረጠበ።

ማለዳ ላይ አንዱን ቺፕውድ ገፋ አድርጌ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ሞራሌውን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ በስተው የወጡት የሚስማር ጫፎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠብታ አንጠልጥለዋል። ከሻወር ቤቱ በላይ ያለው ሞራሌ ጠቁሯል፤ ጥፍሬን ብጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። ከሥሩ እንፋሎት እንዲያስወጣ የተገጠመው የሻወር ቤቱ ፋን፣ ቱቦ የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ አፉን ወደ ጨለማው ከፍቶ ተቀምጧል።

«እንፋሎቱ ከሻወር ቤት ከወጣ አለቀ፤ ኮርኒስ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ፣ እዚያው ይጠፋል»

ፋኑን የገጠመልኝ ባለሙያ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም አምኜው ነበር። እንፋሎት ግን አይጠፋም፤ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ነገር እስኪያገኝ ይዞራል። 30 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 30 ግራም ውሃ ይሸከማል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መሸከም የሚችለው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ የተረፈው ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ይሆናል። በበጋ ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነው ችግሩ በደረቁ ወር የሚብሰው።

ለጅማ ሰው ይህን ማስረዳት ባልከበደ ነበር። ያልደረቀ ቡና በጆንያ አስሮ መጋዘን የሚከት ማን አለ? ቡናውን በሽቦ አልጋ ላይ አስጥተን ከላይም ከታችም ነፋስ እናስነካዋለን፤ የቤታችንን እንጨት ግን በየቀኑ በእንፋሎት እናጥነዋለን።

ፋኑ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ቱቦው ደግሞ መጨረሻው ደጅ መሆን አለበት። ለተለመደው ፋን 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒቪሲ ይበቃል። በግድግዳ በኩል ሲወጣ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ያለዚያ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ተመልሶ ፋኑ ላይ ይንጠባጠባል። አንዳንዱ ቱቦውን ጣሪያው ክፈፍ ሥር አድርሶ ይተወዋል። እዚያ ክፍተት ካለ እንፋሎቱ ዞሮ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፤ ድካሙ ለከንቱ ነው።

«ጠብታው የዝናብ ይሁን የእንፋሎት በምን ይለያል?»

ይለያል። የዝናብ ፍሳሽ ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም መግቢያው አንድ ቦታ ነው። የእንፋሎቱ ግን ዝናብ ሳይኖር በብርዳማ ማለዳ ይታያል፤ በብዙ ሚስማር ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ይደርቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ለሲሊኮን ያወጣሁት ገንዘብ ቱቦውን ከነመገጣጠሚያው ይገዛ ነበር።

«ክረምት ላይ የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ማስወጣቱ ምን ይጠቅማል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን ቁጥሩ ውስጥ አለ። በ15 ዲግሪ የውጭው አየር ውሃ እስኪጠግብ ቢረጥብ እንኳ በሜትር ኩብ የሚይዘው 13 ግራም ገደማ ነው። ሙቅ ሻወር ከተወሰደበት ክፍል የሚወጣው የዚያን እጥፍ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሐምሌም ቢሆን ማስወጣት ያዋጣል።

«መስኮት ካለ ፋን አያስፈልግም»

ግማሽ እውነት አለው፤ የተከፈተ መስኮት ይሠራል። ግን ጠዋት ብርዱን፣ ማታ ትንኙን ፈርተን ስንቶቻችን እንከፍተዋለን?

«ዋናው ኃይለኛ ፋን መግዛት ነው»

አምስት ካሬ ሜትር ለሚሆን ሻወር ቤት በሰዓት 85 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያወጣ ፋን ይበቃል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ቱቦው ሲረዝም፣ መታጠፊያ ሲበዛና የተሸበሸበ ቱቦ ሲገጠም ይወርዳል። በዚያ ላይ አየር ካልገባ አየር አይወጣም። በሩ ከወለሉ ጋር ከተጣበቀ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አያወጣም፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከሥሩ ይተውለት። የሻወሩ ውሃ እንደተዘጋ ፋኑን ማጥፋትም ስህተት ነው፤ ግድግዳውና ፎጣው ገና እየተነፈሱ ናቸው። 20 ደቂቃ ይቆይ።

«መብራት ይበላል» ለሚሉም፦ 20 ዋት የሚስብ ፋን በየሻወሩ 20 ደቂቃ ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሞላው ከ150 ሻወር በኋላ ነው። ውሃ ማሞቂያው ለአንድ ሻወር የሚፈጀው ፋኑ ለአንድ ሻወር ከሚፈጀው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እሱን ግን ማንም አይቆጥርም።

ሻጋታውን በበረኪና ጠርጎ ቀለም መቀባት? ለእንግዳ ያምራል። እንጨቱ እስካልደረቀ ድረስ ሻጋታው ቀለሙን ፈንቅሎ ይመለሳል።

እኔ ሁለት ሞራሌ አስቀይሬ ቱቦውን በጎን ግድግዳ አስወጣሁት። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ከግድግዳችን ነጭ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አይተው በአጥሩ በኩል «ቡናው ሊደርስ ነው እንዴ?» አሉኝ።