«ጨጓራዋን አስቆርጣ ነው»፦ ስለ ስሊቭ ቀዶ ጥገና የምንሰማውና እውነታው

«እገሊት እኮ ጨጓራዋን አስቆርጣ ነው እንዲህ የከሳችው።» ይህን ወሬ ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ድምፅ ዝቅ ይላል። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። አንዱ «አበደች እንዴ?» ይላል። ሌላዋ በሆዷ «የት ይሆን የተሠራችው?» ትላለች። ወሬው ብዙ፣ እውነቱ ትንሽ ስለሆነ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

በቅድሚያ ነገሩ ምንድን ነው? የአዋቂ ሰው ጨጓራ ሲሞላ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ሐኪሙ በግራ በኩል ያለውን ሰፊውን ክፍል፣ ከጠቅላላው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን፣ ቆርጦ ያወጣዋል። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ስሊቭ በእንግሊዝኛ እጅጌ ማለት ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ቅርጽ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ በካሜራ፣ በአራትና በአምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያልቃል። ታካሚው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ቤቱ ይገባል። የወጣው ክፍል ግን ተመልሶ አይገባም። «ካልተስማማኝ አስመልሰዋለሁ» ብሎ ነገር የለም።

«ስቡን ነው የሚያወጡት»

አይደለም። ስብ መምጠጥ ሊፖሰክሽን ይባላል፤ የቁንጅና ሥራ ነው። በስሊቭ ቀን ከሰውነት የሚወጣ ስብ የለም። ቦርጩ እንዳለ ወደ ቤት ይመለሳል። የሚቀንሰው በሚቀጥሉት ወራት ነው።

«ጨጓራው ስለጠበበ ብቻ ነው የሚከሱት»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የማስበው እንዲሁ ነበር። የጨጓራ የላይኛው ጉልላት ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመረትበት ቦታ ነው። ግሬሊን ለአንጎል «ራበኝ» የሚለውን መልእክት የሚያደርስ ነው። ስሊቭ ሲሠራ ይህ ጉልላት አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ ምግብ ከቱቦው ወደ አንጀት ፈጥኖ ስለሚወርድ የጥጋብ ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነግሩህ «ትንሽ ስበላ ጠገብኩ» ብቻ አይደለም፤ «ምግብ ትዝ አይለኝም» ይላሉ።

የሚገርመው ስሊቭ ራሱን የቻለ ሕክምና እንዲሆን ታስቦ አልነበረም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ እነ ዶክተር ሚሼል ጋኜ በጣም ከባድ ክብደት ያላቸውን ሰዎች ጨጓራንና አንጀትን አብሮ የሚነካውን ትልቅ ቀዶ ጥገና በአንድ ጊዜ ለመሥራት ስለፈሩ ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ ጨጓራው ይጠባል፤ ሰውየው ሲከሳ ሁለተኛው ይሠራል። ብዙዎቹ ግን በመጀመሪያው ብቻ በደንብ ከሱ። ዛሬ በዓለም ላይ ለውፍረት በብዛት የሚሠራው ቀዶ ጥገና ይኸው ነው።

«የሰነፍ ሰው መንገድ ነው»

ይህቺ በጣም ታናድደኛለች። 15 ኪሎ ቀንሶ 20 የጨመረ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ሰውነት ሲከሳ ረሃብን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ደግሞ ይቀንሳል። ይህ የቁርጠኝነት ጉድለት ሳይሆን ተፈጥሮ ነው። ደግሞስ የቱ ላይ ነው ስንፍናው? ብዙ ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጉበት እንዲያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ጥብቅ አመጋገብ አለ። ከዚያ በኋላ ሳምንታት በፈሳሽ፣ ቀጥሎ በተፈጨ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ምግብ ነው። እዚህ ላይ ለአስታማሚዎች አንድ ነገር፦ ስኳር የበዛበት ወፍራም አጥሚት ይዛችሁ አትምጡ። ገንፎውም ይቆይ። ፍቅራችሁ ገብቶናል።

«የወፈረ ሁሉ ይሠራዋል»

በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታደሰው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ የሚመክረው ቢኤምአይ (ክብደትን ለቁመት ካሬ በማካፈል የሚገኝ መለኪያ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ካለ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። በቁጥር ላስቀምጠው፦ ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነች ሴት 35 ላይ የምትደርሰው 95 ኪሎ ገደማ ስትሆን ነው። ለሰርግ ቀሚስ ስምንት ኪሎ ለመቀነስ የሚሠራ ነገር አይደለም።

«ይገድላል» እና «ጥርስ እንደ ማስነቀል ነው»

ሁለቱም ተሳስተዋል። ልምድ ባለው ቡድን ሲሠራ የሞት አደጋው ከሺህ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ብዙም አይርቅም። ቀላል ግን አይደለም። የሚፈራው የተሰፋው መስመር ሲያፈስ ነው። ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ያጋጥማል፤ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላም ሊከሰት ይችላል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ሲመጣ «ይለፍልኝ» ብሎ መተኛት አይገባም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የደም መርጋትም አለ። ቱርክ ሄዶ ተሠርቶ በሳምንቱ ረጅም በረራ የሚሳፈር ሰው ይህን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የቀዶ ጥገናውን ሙሉ ሪፖርት ይዞ ይመለስ። አገሩ ሲገባ የሚከታተለው ሐኪም ማን እንደሆነም ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይወቅ።

«አንዴ ከተሠራ ክብደት አይመለስም»

ይመለሳል። ሁሉም ላይ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል አካባቢ ሰዎች ከጠቅላላ ክብደታቸው 25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳሉ። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 85 ወይም 90 አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ፊንላንድ ውስጥ 240 ሰዎችን በስሊቭና በባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ምግብ የአንጀትን መጀመሪያ ዘሎ እንዲወርድ የሚያደርግ ሌላ ቀዶ ጥገና) ከፍለው አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። የስሊቮቹ ቡድን በአሥረኛው ዓመት ከትርፍ ክብደቱ (ከጠቅላላው ሳይሆን ከሚገባው በላይ ከነበረው) 43 በመቶ ያህሉን እንደቀነሰ ነበር፤ የባይፓሶቹ 52 ገደማ። ያ ጠባብ ቱቦ ሥጋን ያቆማል እንጂ ለስላሳ፣ ጁስና አይስክሬምን አያቆምም። ይንሸራተታሉ። አልኮልም እንደዚያው፤ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ በድሮው ልክ የሚጠጣ ሰው ሳያስበው ይሰክራል።

«ጨጓራ ስላለብኝ ቢቆረጥልኝ ይሻለኛል»

እኛ ዘንድ «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ሕመሙ አለብኝ ማለት ነው። ስለዚህ «ከነሕመሙ ተቆርጦ ይውጣ» የሚል ሐሳብ ቢመጣ አይገርምም። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የጠበበው ቱቦ ውስጡ ግፊት ስለሚጨምር አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ቃር ያልነበረበት ሰው ሊጀምረው፣ የነበረበት ደግሞ ሊብስበት ይችላል። በዚያው የፊንላንድ ጥናት ከአሥር ዓመት በኋላ የጉሮሮ ቱቦ መቁሰል በስሊቭ 31 በመቶ፣ በባይፓስ 7 በመቶ ላይ ታይቷል። ከባድ ቃር ያለበትን ሰው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወደ ባይፓስ የሚመሩት ለዚህ ነው። አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋው ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያም አስቀድሞ ቢመረመርና ቢታከም ጥሩ ነው። ወሬ ላይ በብዛት የሚዘለለው ይህ ክፍል ነው፤ ለእኔ ግን ከመወሰን በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«እንጀራም ጾምም ቀረ»

አልቀረም፤ ይዘገያል፣ ይለወጣል። ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን ያስቸግራሉ፤ እንጀራንም ከእነሱ ጎራ ቆጥሮ በጥቂቱ መጀመር ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ወጡን ቀድሞ፣ እንጀራውን በኋላ ነው። በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን መሙላት ስላለበት ትንሿን ቦታ እንጀራ አይውሰዳት።

ጾም ላይ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከዕንቁላልና ከወተት ነው። ሰውነት እንዲቀበለው የሚረዳው ንጥረ ነገር ደግሞ የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ ነው። ጨጓራው ተቆርጦ፣ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በሽሮና በምስር የሚያሳልፍ ሰው ከሁለት ወገን ይጎድልበታል። የእግር መደንዘዝና ድካም እስኪመጣ አይጠበቅም። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ደም በየጊዜው ይመረመራል። የብረት ኪኒን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር አይዋጥም፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ለእሱ አይሆንም። ማስመለስ ቀናት ከቆየ ደግሞ ቢ1 ስለሚያልቅ አስቸኳይ ነው። ረመዳን ላይ ችግሩ ውኃ ነው፤ የተሠራው ሰው በጉንጭ በጉንጭ ስለሚጠጣ የቀኑን ድርሻ በሌሊት መሙላት ይከብደዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪምንም የሃይማኖት አባትንም አማክሮ መቆየት ነው።

«መውለድ አይቻልም»

እንዲያውም ክብደት ሲቀንስ የወር አበባ ስለሚስተካከል ሳይታሰብ ሊረገዝ ይችላል። ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል፤ መከላከያውም ከቀዶ ጥገናው በፊት ይታሰብበት። ፀጉር በሦስተኛው ወር ገደማ ሲረግፍ ደንግጠው የሚደውሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

«ካልጎረሰች ኮርታለች»

ይህኛው የሐኪም ሳይሆን የእኛ የቤተ ዘመዶች የተሳሳተ አመለካከት ነው። ስሊቭ የተሠራ ሰው ሦስት አራት ማንኪያ በልቶ ይሞላል። አንዲት ትርፍ ጉርሻ ደረት ላይ ትቆምና ታስመልሰዋለች። እኛ ግን «በሞቴ!» እንላለን፤ «አንዷማ ታጣላለች» እንላለን። አንዲት የማውቃት ሴት ለዚህ ዘዴ አበጅታለች። ገበታው እንደቀረበ ራሷ ቀድማ ትጠቀልልና በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ ታጎርሳለች። ሁሉም አፉ ሞልቶ እያመሰገናት፣ የእሷን ሳህን የሚያይ የለም።