ለስስ ቢላ የሚሆነው ብረት የቱ ነው?

ሰው ቢላ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው እጀታውንና ማብረቅረቁን ነው። ስራውን የሚሰራው ግን ብረቱ ነው። ስለቱ በሳሳ ቁጥር ደግሞ የብረቱ ጠባይ ቶሎ ይጋለጣል። ከለሰለሰ ይታጠፋል፣ ያለ ልክ ከጠነከረ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከካርቦን ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢቀጠቀጥ ቢላ ይመስላል እንጂ ስለት አይዝም። ለቢላ ቢያንስ 0.5 በመቶ ያስፈልጋል።

የእኛ አገር ቀጥቃጮች የመኪና ባሌስትራ የሚወዱት በምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ 5160 የሚባለው ዓይነት ሲሆን 0.6 በመቶ ያህል ካርቦንና ትንሽ ክሮሚየም አለው፤ ቢመቱት፣ ቢያጎብጡት በቀላሉ አይሰበርም። ለገጀራና ለመጥረቢያ ከዚህ የተሻለ አትፈልጉ። ለቁርጥ ወይም ለክትፎ የሚሆን ስስ ቢላ ከሆነ ግን እኔ የኩሽኔታ ብረት እመርጣለሁ። አብዛኛው ኩሽኔታ የሚሰራበት 52100 የሚባለው ብረት ካርቦኑ 1 በመቶ፣ ክሮሚየሙ 1.5 በመቶ ነው፤ ውስጡ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶች ደቃቅ ስለሆኑ ሲሳሳም ስለቱን ይዞ ይቆያል። ችግሩ ይዝጋል። ሎሚና ሽንኩርት ከቆረጣችሁበት ወዲያው አጥባችሁ አድርቁት።

የማይዝግ የሚባለው ከ10.5 በመቶ በላይ ክሮሚየም ያለው ነው፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። በጣም የሚወደሰው ዲ2 የሚባለው ብረት ወደ 12 በመቶ ክሮሚየም ቢኖረውም ዝገትን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ ቅንጣቶቹም ሻካራ ስለሆኑ ስስ ስለቱ ይሸረፋል። ለምላጭ ተብሎ ስዊድን ውስጥ የተሰራው ኤኢቢ-ኤል ግን ለስስ ቢላ ድንቅ ነው። ችግሩ ለማጠንከር ከ1050 ዲግሪ በላይ በትክክል የሚለካ ምድጃ ይፈልጋል፣ በወናፍና በዓይን ግምት አይሆንም።

ኩሽኔታውን ግን በጥንቃቄ ከሰሩት በከሰል እሳትም ማጠንከር ይቻላል። ብረቱ ሲግል 770 ዲግሪ አካባቢ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ፣ ትልቁ ስህተትም ይሄ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ያለ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። 200 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት መልሶ ማሞቅ የግድ ነው። በመጨረሻ በግራይንደር ስትስሉ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ለስልሷል፣ ተፍቆ መውጣት አለበት።