«ሾርት» ምንድን ነው? ሌሊት ባትሪ የሚጨርሰውስ?

እዚህ አዳማ ማታ በደህና የቆመ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ኮፈኑ ሳይከፈት «ሾርት አለው» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ «ፊውዝ የማያቃጥል ትንሽ ሾርት» እንዳለ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ስለሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሾርት ማለት ኤሌክትሪኩ ሊሠራበት ወደሚገባው ዕቃ ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ባትሪው ሲመለስ ነው፤ ለምሳሌ የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ የሚገታው ነገር ስለሌለ እጅግ ብዙ አምፔር ይፈስሳል፣ ፊውዙም ወዲያው ይቃጠላል፤ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ራሱ ይግላል፣ ይጨሳል። ፊውዙ ከተቃጠለ በኋላ ግን በዚያ መስመር የሚያልፍ ነገር ስለማይኖር ባትሪው በእርሱ በኩል ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ሳይጨስና ሳይሸት ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ የሚበላው ነገር ብዙውን ጊዜ ሾርት ሳይሆን፣ መጥፋት ሲገባው ሥራውን የቀጠለ ዕቃ ነው።

ባትሪውን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሮቶ እንቁጠረው። ሾርት የዋናው ቱቦ መፈንዳት ነው፤ ግቢው ይጥለቀለቃል። የእኛ ችግር ግን ማታ ያልተዘጋ ቧንቧ ነው። ቤተሰቡ ሌሊት የሚጠጣት ጥቂት ውሃም አለች፦ ሰዓቱ፣ የሬዲዮኑ ማስታወሻና የሪሞት ቁልፉ ተቀባይ በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ ጥፋት አይባልም። 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት (አንድ አምፔር ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስስ የሚወጣው መጠን) ነውና፣ ጤነኛ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለት ሳምንት ቆሞም ሞተሩን ማስነሳት አለበት። የ5 ዋት የኮፈን አምፖል እንኳ በ12 ሰዓት የሚጨርሰው 5 አምፔር ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ባትሪው በአንድ ሌሊት ከሞተ እንግዲህ ወይ ቧንቧው በሰፊው ተከፍቷል፣ ወይ ሮቶው ራሱ ግማሹ ደለል ነው። ደለል የሞላው ሮቶ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ያረጀ ባትሪም እንዲሁ 12.6 ቮልት እያሳየ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲጫነው ይወድቃል። የአዳማ ሙቀት ይህን እርጅና ያፋጥነዋል።

ሾርት የሚለው ቃል በትክክል የሚገባበት አንድ ቦታ አለ፤ ከባትሪው ስድስት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲነካኩ። እንዲህ ያለው ባትሪ ቻርጅ ተደርጎ ካረፈ በኋላ 10.5 ቮልት አካባቢ ይቀራል፤ መድኃኒቱም መለወጥ ነው።

ቃሉ የሚያስቆጣኝ ስም ስለሆነ አይደለም፤ «ሾርት» የተባለ ሰው ጤነኛ ሽቦ አስፈትቶ ገንዘቡን ስለሚያጣ ነው። መፈለጊያው ቴስተሩን በአምፔር አድርጎ በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል ማስገባት ነው፤ ቴስተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ ስለማይችል በዚያ ሁኔታ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው። በአዲስ መኪና ኮምፒዩተሮቹ እስኪተኙ ድረስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ከመኪናው ወርደው ወዲያው ለክተው «2 አምፔር ይበላል» የሚሉ ሰዎች የለኩት ገና ያልተኛ ቤተሰብ ነው። ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግም የተኙትን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ፊውዙን ሳይነቅሉ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ሚሊቮልት መለካት ይሻላል፤ ሚሊቮልት ከታየ በዚያ ፊውዝ ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው። ከትንንሾቹ ፊውዞች በአንዱም ላይ ካልተገኘ ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) ይጠርጠር፤ እርሱ ከቆጣሪው በፊት እንደተቀጠለ የጎረቤት ቧንቧ በእነዚያ ፊውዞች አያልፍም።

በእኔ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚገኘው ጥፋተኛ ግን በኋላ የተገጠመ ዕቃ ነው፤ በተለይ ቢጫና ቀይ ሽቦዎቹ አንድ ላይ የተጠመዘዙ ሬዲዮን። ቢጫው ሁልጊዜ፣ ቀዩ ደግሞ በቁልፍ ብቻ ኤሌክትሪክ ማግኘት ሲገባቸው ሁለቱም ከባትሪ በቀጥታ ይጠጣሉ። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ባለ 24 ቮልት ከባድ መኪኖች ላይ ደግሞ የ12 ቮልት ሬዲዮን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይቀጠላል፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። ባለቤቱም ሁለቱንም ባትሪ ለውጦ ሬዲዮኑን እንደነበረ ይተወዋል።