ወለድ ሲጨምር ቢትኮይን ለምን ይወርዳል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ቢትኮይን ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ በላዩ ላይ የሚያዝ ማዕከላዊ ባንክ የለም። ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ታዲያ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ስለ ወለድ ባወራ ቁጥር ዋጋው ለምን ይናወጣል?

ነገሩ ያለው ገዢው ኪስ ውስጥ ነው። 1,000 ዶላር አለህ እንበል። ወለዱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ምንም አያመጣልህም። ስለዚህ ደፈር ትላለህ፤ አክሲዮን ወይም ቢትኮይን ትገዛለህ። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ገንዘብ የሚበደርበት ወረቀት) በዓመት 5 በመቶ መክፈል ሲጀምር ግን እንቅልፍ ሳታጣ 50 ዶላር ታገኛለህ። ቢትኮይን በእጅህ ስላለ ብቻ ወለድ አይከፍልህም። ይህን ስሌት ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲሠራ ሻጭ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያየነው ይህንኑ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። በ2021 መገባደጃ ወደ 69 ሺህ ዶላር ተጠግቶ የነበረው ቢትኮይን 2022ን የጨረሰው ከ17 ሺህ በታች ሆኖ ነው። እርግጥ ጥፋቱ የወለድ ብቻ አልነበረም፤ ቴራ የተባለው ዲጂታል ገንዘብና ኤፍቲኤክስ የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ድርጅት መንኮታኮታቸውም ገበያውን ክፉኛ አስደንግጦታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለሚጠብቀው ነገር ነው። ጭማሪው አስቀድሞ ከተጠበቀ፣ በታወጀበት ቀን ዋጋው ንቅንቅ ላይል ይችላል። ከተፈራው ካነሰ ደግሞ ጭራሽ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል።