የመስኮት ስፋትና የቤት አየር

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አዳዲስ ፎቆች ፊታቸው በሙሉ መስታወት ነው። ብርሃን እንደ ልብ ይገባል፤ አየር ግን የሚገባው በሚከፈተው በኩል ብቻ ነው። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት እስከ መጨረሻ ቢገፋም ክፍት የሚሆነው ግማሹ ነው። በማጠፊያ የሚከፈተው ግን ሙሉ ስፋቱን ይሰጣል ማለት ይቻላል። ቤት የሚያሠራም የሚከራይም ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የግንባታ ደንብ የሚከፈተው ስፋት ቢያንስ የወለሉን 4 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። ለ20 ካሬ ሜትር ክፍል 0.8 ካሬ ሜትር ማለት ነው።

ስፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም። አየር እንዲገባ መውጫም ያስፈልገዋል። በንፋሱ በኩል 1 ካሬ መግቢያ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ደግሞ 1 ካሬ መውጫ አለ እንበል። መውጫውን ብቻ ወደ 2 ካሬ ብናሰፋ የሚያልፈው አየር የሚጨምረው ሩብ ያህል ነው። 3 ካሬ ብናደርገው እንኳ ጭማሪው ሲሶ ገደማ ነው። ወሳኙ ጠባቡ ነው። ሁለቱንም ወደ 2 ካሬ ብናሰፋ ግን አየሩ በእጥፍ ያድጋል። ለዚህ ነው አንድ ግዙፍ መስኮት ከመክፈት፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት መካከለኛ መስኮቶችን መክፈት የሚሻለው። መግቢያው ጠበብ፣ መውጫው ሰፋ ሲል ደግሞ መግቢያው አጠገብ ንፋሱ ይፈጥናል። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ መግቢያውን በአልጋ ከፍታ ማድረግ ላብ ለማድረቅ ይረዳል።

በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ይከብዳል። ንጹሕ አየር በደንብ የሚደርሰው ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ነው። እንዲህ ላለ ክፍል ከታችም ከላይም መክፈቻ ማበጀት ጥሩ ነው። ሞቃት አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ ንፋስ ባይኖርም ይሠራል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሆስፒታሎች ተለክተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። በማሽን አየር የሚለወጥላቸው ክፍሎች የተሰላላቸው 12 ጊዜ ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ የድሮ ሕንፃዎች ደግሞ 40 ደርሰዋል። እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ባለበት ይህ ልዩነት ሕይወት ነው።

እኛ ጋ ብርድና ንፋስ ስለሚፈራ በክረምት ሁሉም ይዘጋል። በዚያ ላይ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የተኙበት ክፍል ውስጥ ከሰል ጨርሶ አይነድ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ወባ ባለበት ቆላ መስኮት ላይ ወንፊት ይደረጋል። ወንፊቱ ንፋሱን ስለሚያዳክም መክፈቻው ከመጀመሪያው ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት።