በጥቁር ዝንብ ውስጥ ያለን የኦንኮ ትል በዲኤንኤ መለየት

ኦንኮሰርካ ቮልቩለስ የሚባለው ትል ሰውን የሚያሳክክና የሚያሳውር ነው። ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት። በኢትዮጵያ በሽታው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያለ ሲሆን፣ የመተማ ቀጠና ደግሞ ከሱዳኑ ገላባት ጋር ይያያዛል።

አስቸጋሪው ነገር ዝንቧ ከብትም መንከሷ ነው። ለምሳሌ በሰሜን ካሜሩን ከከብት የምትወስደው ኦንኮሰርካ ኦቸንጊ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሰው ትል እጭ አይለይም ማለት ይቻላል። የከብቱ እጭ የሰው ተብሎ ከተቆጠረ መቆም የሚችል የአይቨርሜክቲን (የትሉ መድኃኒት) እደላ ያለ አግባብ ይቀጥላል።

ዝንቦቹ በኤታኖል ይቀመጣሉ፤ ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ፎርማሊን አይሆንም። ከዚያ በርደው ሲናወጡ ራሳቸው ይገነጠላል፣ በወንፊትም ይለያል። ራስ የሚመረመረው ለመተላለፍ የደረሰው ሦስተኛ ደረጃ እጭ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። አካል ላይ የተገኘ እጭ ዝንቧ በሽተኛ መንከሷን እንጂ ማስተላለፍ መቻሏን አያሳይም። ሆድ ውስጥ ያለው ደምም ፒሲአርን፣ ማለትም የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል የሚያባዛውን ዘዴ፣ ያግዳል።

እስከ 100 ራስ በአንድ ላይ ተፈጭቶ ኦ-150 የተባለው የሚደጋገም ቅደም ተከተል በፒሲአር ይባዛል። ይህ ቅደም ተከተል በከብቱ ትልም ስላለ፣ ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ ለሰው ትል ብቻ በሚሠራ መለያ ወይም የዲኤንኤን ፊደላት በተራ በማንበብ (በሲኩዌንሲንግ) ይጣራል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ ቢያንስ 6,000 ዝንብ እንዲመረመርና ተላላፊ እጭ የያዙት ከ2,000 ከአንድ በታች መሆናቸው በ95 በመቶ እርግጠኝነት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

ለሲኩዌንሲንግ የሚመቸው የማይቶኮንድሪያ ጂን ነው፤ ኮክስ-1 ወይም ኤንዲ-5። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ለሁሉም እንስሳ የሚሠራ ፕራይመር (ፒሲአር የሚጀምርበትን ቦታ የሚወስን አጭር ዲኤንኤ) መጠቀም ነው፦ ከትሉ ይልቅ የዝንቧ ዲኤንኤ እጅግ ስለሚበዛ የሚነበበው ዝንቧ ራሷ ትሆናለች። ለክር ትሎች የተለየ ፕራይመር ያስፈልጋል። ከተቻለም እጩን በቀጭን መርፌ ነቅሎ ለብቻው በቱቦ ማስገባት ይሻላል።

ሳንገር በተባለው የሲኩዌንሲንግ ዘዴ ንባብ መጀመሪያ ላይ ያሉት ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ ፊደላት ብዙ ጊዜ ስለማይታመኑ ይቆረጣሉ። በንባቡ ግራፍ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ሞገድ ተደራርቦ ከታየ በቱቦው ሁለት ዝርያ አለ፣ ወይም ናሙናው ተበክሏል። ዲኤንኤ ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦ አብሮ ካልሄደ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ንባቡ የሚነጻጸርበት የዲኤንኤ መረጃ ቋት፣ ጂንባንክ፣ ውስጥም ስማቸው የተሳሳተ መዝገቦች አሉ። ሁለቱ ዝርያዎች ደግሞ የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ስለሆነ የመመሳሰል መቶኛን ብቻ አይቶ ስም መስጠት አያስተማምንም፤ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ማየት ግድ ይላል።