የፍጥነት ጉድለት ምንድን ነው? 10 ሜጋ ተከፍሎበት 9 ሲመጣ

ፒያሳ የምትኖር ጎረቤቴ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጣች። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው ስፒድ ቴስት 9.2 ይላል፤ የምትከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። «የቀረውን ማን በላው?» አለችኝ።

«ሜጋ» የምንለው ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋ መስመር ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። ብዙ ሰው ተታለልኩ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዷ የዳታ ጥቅል መነሻና መድረሻዋ ተጽፎባት ስለምትጓዝ ጥቂቱ ፍጥነት ለዚያ ይውላል። ጤነኛ መስመርም ቢሆን 10 ሞልቶ አያሳይም።

ታዲያ ይህ ጉድለት ይጎዳል? 1 ጊጋባይት ፊልም በ10 ሜጋ ለማውረድ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ9 ሜጋ 15 ደቂቃ ገደማ። ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋ ይበቃል ስለሚል፣ ለአንድ ተመልካች 9ም ሆነ 10 ምስሉ ያው ነው። የሚጎዳው ጠርዝ ላይ ያለ ሰው ነው፦ 5 ሜጋ ገዝቶ 4.5 ሲደርሰው ምስሉ ይደበዝዝበታል።

ጎረቤቴን ግን ያስመረራት ሌላ ነው። ዋሽንግተን ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ድምፁ ይቆራረጣል። «ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?» ስትል ልጅቷ ፊቷ ደርቆ ይቀራል። ፊልም ቀድሞ ስለሚጠራቀም አፍታ ቢቋረጥም አይታወቅም። ወሬ ግን አይጠራቀምም፤ መልሱ አሁኑኑ መድረስ አለበት። ፒንግ የሚባለው፣ ማለትም የመልስ መዘግየት፣ አንዴ 150 አንዴ 700 ሚሊ ሰከንድ እየሆነ ሲዋዥቅ 9.2 ማየቱ አይጠቅማትም። የጎደለችው ነጥብ 8 ሜጋ ምንም አላደረገቻትም።

ቤቷ ሄድን። ዋይፋይ የሚያሰራጨው ራውተር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል፤ የምታወራው ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ማዶ፣ መኝታ ቤት ነው። እዚያ ስንለካ 3 ሆነ። ራውተሩን ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ አወጣነው፤ 8 ደረሰ።

ለኔ ትልቁ ጥያቄ ማስታወቂያ ላይ «እስከ 10 ሜጋ» ሲባል «እስከ» የምትለው ቃል ናት። በእንግሊዝ «እስከ» ብሎ ለማስተዋወቅ ከደንበኞች 10 በመቶው ያን ፍጥነት ማግኘታቸው ይበቃ ነበር። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የሚተዋወቀውን ፍጥነት ቢያንስ ግማሾቹ በሚጨናነቀው ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4፣ ማግኘት አለባቸው። እኛም መለካት ያለብን በዚያው ሰዓት ነው፤ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ለተከታታይ ቀናት። 9 ሜጋ ከሆነ ይለፍ። በየምሽቱ 4 ሜጋ ከሆነ ውጤቱን ይዞ መሄድና አቤት ማለት ይገባል።